ጀልባ በክረምት የሚሰጥመው ታስሮ ነው



ግንቦት ሊያልቅ ነው። ከሰዓት በኋላ በጉና በኩል ደመናው መክበድ ጀምሯል፤ ደብረ ታቦርም ጋቢዋን ደርባ ሰኔን እየጠበቀች ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ስለ ጀልባ ልጽፍ ነው። «ቲቸር፣ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ስለ ጀልባ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ውሃን የሚያውቀው በእንስራና በጣሪያ አሸንዳ ነው፤ ልክ ናችሁ።

ግን እስቲ ካርታ አውጡ። ደቡብ ጎንደር የጣና ባለድንበር ነው። ደራ፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም እግራቸውን ሐይቁ ውስጥ ነክረው የተቀመጡ ወረዳዎች ናቸው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በክረምት ምን እንደሚያጋጥማቸው የሚወሰነው ደግሞ እዚህ እኛ ራስ ላይ ነው። ርብና ጉማራ ሁለቱም የጉና ልጆች ናቸው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና 1,786 ሜትር አካባቢ። ያ ሁሉ ውሃ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ እየተንከባለለ ወርዶ፣ አፈራችንን ተሸክሞ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ መሄጃው ይጠፋዋል። የወንዞቹ ወለል በደለል ተሞልቷል፤ ሐይቁም በዚያው ሰሞን እየሞላ ነው። ስለዚህ ይተኛል። ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። በ1998 ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም ላይ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ የተፈናቀለው እንዲህ ነው። ያኔ ሰው የሚፈልገው መኪና አይደለም፤ ጀልባ ነው።

ጀልባው ደግሞ በዚያች ቀን የለም። ሰጥሟል። የሰጠመውም ሰው ጭኖ ሲሄድ ሳይሆን ታስሮ ቆሞ እያለ ነው። ዛሬ መናገር የፈለግሁት ይሄንኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቆላ ካሉት ቀበሌዎቻችን በአንዱ (ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዩ የአንድ ቀበሌ ስላልሆነ) ለጎርፍ ጊዜ ተብሎ የተገዛ የፋይበር ጀልባ ነበር። ርክክቡ በበጋ ነው የተደረገው። ፎቶ ተነሥተናል፣ ቆሎና ጠላ ቀርቧል፣ ንግግር ተደርጓል። ሾፌር ተመድቧል። ሐምሌ ላይ ለሌላ ጉዳይ ወርጄ ሳልፍ፣ ጀልባው በአጭር ናይለን ገመድ ከአንድ ዛፍ ጋር ታስሮ ከኋላ በኩል ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ አየሁት። ከላይ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነበር። ሞተሩ ከታች ነው። ማዕበል አልነበረም፣ ያጋጨውም ነገር አልነበረም። «ማታ ሲዘንብ አድሮ ነው» አሉኝ። በቃ፣ ይሄው ነው ምክንያቱ። ነሐሴ ላይ ጎርፉ ሲመጣ ሰዉን ያወጣው ታንኳ ነው።

እስቲ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ሁሉ እስክሪብቶ አንሡ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጀልባችን ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ይሁን። ዘጠኝ ካሬ ሜትር የሆነ ገንዳ ማለት ነው፤ ክዳን የለውም። አንድ ከባድ የሐምሌ ሌሊት 50 ሚሊ ሜትር ቢያዘንብ 450 ሊትር ገባ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና 450 ኪሎ። ስልሳ ስልሳ ኪሎ የሆኑ ሰባት ሰዎች ሳይጠሩ መጥተው ተሳፍረው አደሩ ማለት ነው። በማግሥቱም ሌላ ሰባት ይመጣሉ። በጣና ዙሪያ የሐምሌ ወር ዝናብ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አንድም ቀን ሳይጨለፍ ቢከርም ሦስት ቶን ተኩል ያህል ውሃ ነው። የትኛው ጀልባ ነው ይህን የሚችለው?

ከዚያ የከፋው ደግሞ ውሃው አርፎ የሚቀመጥ ጭነት አለመሆኑ ነው። ጤፍ በጆንያ ብትጭኑ ባለበት ይቆያል። ውሃ ግን ጀልባው ትንሽ ባዘነበለ ቁጥር ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጣል፤ ሲሮጥ ደግሞ ይበልጥ ያዘነብለዋል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነና ከባድ ስለሆነ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ይሰበሰባል። የኋላው ጠርዝ ከሐይቁ ጋር እኩል ሲሆን ሁለት ጣት የምታህል ሞገድ ትበቃለች። አሁን ውሃ የሚገባው ከሰማይ መሆኑ ቀርቷል፤ ጣና ራሱ ነው የሚገባው። ያየሁት ጀልባ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ የሰጠመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ገዳይ ገመዱ ነው። ጣና በዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰኔ ላይ ከታች ነው፤ ከዚያ እየወጣ ይሄዳል። ሰኔ ላይ «ነፋስ እንዳይወስደው» ብላችሁ አሳጥራችሁና አጥብቃችሁ ያሰራችሁት ገመድ ነሐሴ ላይ የጀልባውን አንገት ይዞ ቁልቁል ይጎትታል። ውሃው ይነሣል፣ ጀልባው መነሣት ይፈልጋል፣ ገመዱ አይለቅም። በግ በአጭር ገመድ ታስሮ ሲታነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። በወንዝ አፍ ላይ ደግሞ ጉዳዩ የወራት ሳይሆን የሰዓታት ነው። ማታ ጉና ላይ የጣለ ዝናብ ሌሊት ጉማራን ይሞላዋል፤ ታች ያለው ሰው ሰማዩ ጠርቶ፣ ጨረቃዋ ወጥታ እያያት ውሃው በሩ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ስለ ቡሄ አንድ ነገር ልበል። የከተማችንና የበዓሉ ስም አንድ ነውና ቅር አትሰኙብኝም። ቡሄ ከዋለ ክረምት የለም እንላለን። ለጭቃውና ለብርዱ እውነት ነው። ለጀልባ ግን ትልቅ ውሸት ነው! ዝናቡ ሲቀንስ ሐይቁ ገና እየሞላ ነው፤ ከየተራራው የወረደው ሁሉ ተጠራቅሞ ጣና ከፍተኛው ልክ ላይ የሚደርሰው መስከረም ውስጥ ነው። ሰዉ ጅራፉን እያጮኸ፣ ሙልሙሉን እየበላ «ተሻገርን» ብሎ ዘና ባለበት ሰሞን ገመዱ በጣም ይወጠራል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የተገላቢጦሹ ይመጣል፤ ውሃው ሲሸሽ ያልተከታተሉት ጀልባ ጭቃ ወይም ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ ሆዱ ይሰነጠቃል። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጨረጨራ ላይ ዓባይ መውጫው በር ስላለው የሐይቁ ልክ የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1995 ውሃው እጅግ ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ሥራ እስከማቆም ደርሰው እንደነበር የባሕር ዳር ሰዎች ያስታውሱታል።

ሦስተኛው እንግዳ እምቦጭ ነው። 2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ በተለይ የምሥራቁንና የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ፣ ማለትም የእኛን በኩል፣ አስጨንቆታል። ነፋስ ሲነሣ ምንጣፍ የሚያህለው አረም ተያይዞ ይመጣና የታሰረን ጀልባ ይገፋዋል፤ ገመዱ ከበረታ ጀልባው ያዘነብላል፣ ከላላ ይዞት ይሄዳል። ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመማ ሞተሩ በክፉ ቀን አይነሣም።

ታዲያ ከእኛ በፊት ይህን ሐይቅ የኖሩበት ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር? መልሱ ነገደ ወይጦ ዘንድ አለ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውስጡ አየር ያለው፣ እንደ ስፖንጅ የሆነ ሣር ነው፤ የሚንሳፈፈውም በዚያ አየር ነው። ግን ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሲከብድ ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለ ታንኳ ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ውሃ ላይ ትቶ አይሄድም። ይጎትተዋል፣ ያቆመዋል፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ እንዲደርቅ ያደርገዋል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም። በክረምት ፀሐይ ስለሌለ ማድረቁ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ይብሳል። አያችሁ፣ ሰውዬው ጀልባው ሟች መሆኑን ያውቃል። በየቀኑ ይነካዋል። እኛ ፋይበርና ብረት ስናይ «ይሄ አይበሰብስም» እንልና እንረሳዋለን። የማይበሰብስ ጀልባ ከሚበሰብሰው ቀድሞ የሚሰጥመው ለዚህ ነው።

(በቅንፍ ልናገርና ልለፍ። እነዚህን ሰዎች ለዘመናት ንቀናቸው ኖረናል። አብረናቸው ማዕድ አንቆርስም እያልን፣ ውሃ ሲመጣ ግን ታንኳቸው ላይ ወጥተናል። ለጎርፍ ዝግጅት ስብሰባ ሲጠራ ከፊት ወንበር መቀመጥ ያለባቸው እነሱ ነበሩ። አንድም ጊዜ ተጠርተው አላየሁም።)

ስለ ደንገል ካነሣሁ አይቀር፣ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ጀልባም ሞክረው እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ሰፍረው ሳለ ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ የፈረንጅ መርከብ እንዲመስል በሰው እጅ የሚዞር ጎማ እንዳስገጠሙለት እስረኛቸው የነበረው ዶክተር ብላንክ ጽፏል። መድፉን ዛሬም ሄዳችሁ መንካት ትችላላችሁ። ጀልባዎቹ የሉም። ብረት ችላ ቢባልም ይቆያል፤ ጀልባ ግን ተረስቶ አይቆይም።

ስዊድን የሚኖር አንድ ተማሪዬ ይህን ሐሳቤን ሳጫውተው ፎቶ ላከልኝ። እዚያ ክረምት ማለት በረዶ ነው፤ ብዙው ሰው ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ በሸራ ይጠቀልላል። ውሃ ውስጥ የሚያከርሙት ደግሞ በረዶው እንዳይጨፈልቀው ከሥር አየር የሚያስፋፋ መሣሪያ ይሰቅላሉ። የሚገርመው መሣሪያው አይደለም። ባለቤቱ ክረምቱን ሙሉ በየጊዜው ሄዶ ገመዱን ያያል፣ ሸራው ላይ የተከመረውን ያራግፋል። ጠላታቸው ከእኛ ይለያል፤ ሥራው ግን ያው ነው፤ አንድ ሰው ሄዶ ማየት።

የእኛ ችግር እዚህ ጋ ነው። መግዛት ሥነ ሥርዓት አለው፣ መጠበቅ የለውም። ጣናነሽ ፪ ከጅቡቲ በመኪና ተጭና ስትመጣ አገሩ ሁሉ እየተከታተለ፣ እያጨበጨበ ነው የተቀበላት፤ ይገባታልም፤ እኔም በስልኬ ስከታተል አምሽቻለሁ። ግን የትኛውም ጀልባ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ከጭብጨባው በኋላ ያለውን ሃያ ክረምት ማን ነው የሚጠብቀው ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማሁም። ያ የጠቀስኩት ቀበሌ ሾፌር ነበረው። ጨላፊ ግን አልነበረውም። ማንም ሰው በወረቀት ላይ «ዝናብ ባደረ ቁጥር ጠዋት ሄደህ ውሃውን ቅዳ» አልተባለም። ሾፌሩ ሥራዬ መንዳት ነው አለ፤ እውነቱን ነው። የቀበሌው ጥበቃ ሥራዬ ቢሮ መጠበቅ ነው አለ፤ እሱም እውነቱን ነው። እንዲህ ሁሉም ሰው እውነቱን ሲሆን ነው ንብረት የሚጠፋው።

ስለዚህ እኔ የምለው ይሄ ነው። ለጎርፍ ጊዜ ጀልባ የሚገዛ ማንኛውም አካል፣ መንግሥትም ይሁን ረጂ ድርጅት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ የአንድ ሰው ደሞዝ አብሮ ካልያዘ ባይገዛ ይሻላል። የአራት ወር የአንድ ሰው ደሞዝ ከአንድ ሞተር ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው። ሰውየው የዳርቻው ልጅ ይሁን፣ ቢቻል ባለ ታንኳ የነበረ። መሣሪያው ባልዲ፣ ሸራና ተጨማሪ ገመድ ነው። ሸራው በመካከሉ ከፍ ብሎ እንደ ጣሪያ ይወጠር፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተዘረጋ ራሱ ገንዳ ይሆናል። ገመዱ ረዘም ይበልና በሁለት በኩል ይሁን፤ ወይም ምሰሶ ላይ ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ቀለበት ይታሰርለት። ጎኑ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ ይንጠልጠል። ሞተሩ በማይሠራበት ጊዜ ከውሃው ወደ ላይ ይጣፍ፣ በሳምንት አንዴም ይነሣ። ክረምቱን ሙሉ ያልተነሣ ሞተር በጭንቅ ቀን ላይ አይነሣም፤ ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ለፎገራ ሜዳ ተብሎ የተገዛ ጀልባ ለምን ወንዝ አፍ ላይ ይታሰራል? እዚያ ግንድ ይመጣል፣ ደለል ይመጣል። ደሴት ለደሴት፣ ለምሳሌ ወደ ጣና ቂርቆስ፣ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ውሃ ላይ መክረም ግድ ነው፤ እሺ፣ ይጠበቅ። የጎርፍ ጀልባ ግን መንደሩ መሀል ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ጎማ ተደርድሮለት፣ የሆዱ መፍሰሻ ተከፍቶ ቢቀመጥ ዝናቡ ገብቶ ይወጣል። መፍሰሻው ቀድሞ ከተዘጋ ጎርፉ ራሱ መጥቶ ያነሣዋል። መዝጊያው ቡሽ ብቻ እንዳይጠፋ በክር ከሞተሩ እጀታ ጋር ይታሰር፤ ቡሹን ሳይዘጋ ሞተር የሚያስነሣ ሰው እንዳይኖር።

«ጀልባ ከምታወሩ ጎርፉን አስቁሙ» የሚሉኝ ይኖራሉ። የርብ ግድብ አለ፣ የጉናን ተዳፋት በደን መሸፈን አለ፣ የወንዞቹን ዳር በአፈር ማሳደግ አለ። ሁሉንም እደግፋለሁ፤ ጉና ላይ ችግኝ የተከልንባቸውን ክረምቶች ታስታውሳላችሁ። ግን የርብ ግድብ ጉማራን አይዝም፤ ችግኝም ዛፍ የሚሆነው በዓመታት ነው። ሰኔ የቀራት ሳምንታት ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ደግሞ ዛፉ እስኪያድግ አትጠብቅም።

እኛ ደጋ ላይ ያለነው ምን እናድርግ? ገንዘብ አዋጡ አልልም። ከጀልባው ጠባቂ ይልቅ ዝናቡን ቀድመን የምናየው እኛ ነን። ጋሳይ፣ ክምር ድንጋይ፣ ፋርጣ፣ ደብረ ታቦር ያላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጉና ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ሲጥል ስልካችሁን አንሥታችሁ ወረታና ሐሙሲት ለምታውቁት ሰው ደውሉ። «ዛሬ ከብዷል፣ ገመዱን አላላው፣ ከብቱን አውጣ» ይበቃል። የአንድ ደቂቃ ጥሪ ነው።

ይህን በዘፈቀደ እንዳይሆን ልናደራጀው ነው። ከላይ አሥር ሰው፣ ከታች አሥር ሰው ብናገኝ ይጀመራል። ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ በተለይ ፎገራና ደራ የምታስተምሩ ልጆቼ፣ ስልካችሁንና ያላችሁበትን ቀበሌ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ዝርዝሩን ከሰኔ ሚካኤል በፊት ለሁላችሁም አደርሳለሁ። ባለ ታንኳ የሆነ አባት ወይም አጎት ያላችሁ ደግሞ ስልክ ባይኖረውም ስሙን አስመዝግቡልኝ፤ በቅርብ ባለ ሰው በኩል እንደውልለታለን።